ክርክር ከአረፋ በፊት

ሰፈሩ «አባ ሥርዓት» ይለዋል። ሥራው ፀጉር አስተካካይነት ነው፤ እሁድ እሁድ ግን በሬዲዮ እየቀረበ ስለ ፖለቲካና ስለ ግብረ ገብ ያወራል። «መንግሥት እጁን ከሰው ጓዳ ያውጣ! ወጣቱ ታላቁን ያክብር! የማልወደውን የሚናገር ሰው እንኳ አፉ አይዘጋ!» ይላል።

ሱቁ ውስጥም ያው ነው። የደንበኛውን አገጭ በአረፋ ይሸፍንና ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ «አይደለም እንዴ?» ይላል። ማን ደፍሮ ይከራከረው? እሱ ግን አገር ሁሉ የተስማማ ይመስለው ነበር።

አብራው የምትሠራው ሴት ልጁ ብቻ አስቸገረችው። የምትወደውን የሰፈሩን አናጢ ላግባ ብትለው «ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ የሚለብስ አማች? በቁሜማ አይሆንም!» ብሎ ወሬውን ዘጋባት።

አንድ እሁድ ታዲያ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ «ግብረ ገብ!» እያለ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታ እጁ ወለም አለው። በሳምንቱ ጺሙ አድጎ ቁጭ አለ። ጺምን ሳይላጩ ሰው ፊት መቅረብ ነውር ነው ሲል የኖረ ሰው ምን ያድርግ? ልጁ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና እስከ ዓይኑ ሥር በአረፋ ሞላችው። ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳረፈች።

«አባዬ፣ ሱሪው የሚቀደደው እኮ ተንበርክኮ የእንጨት ወለል ሲያነጥፍ ስለሚውል ነው። ለጌጥ አይደለም። አይደለም እንዴ?»

«እምምም!»

«እናቱን ይጦራል፣ ታላቁን ያከብራል። አንተ የምትሰብከውን እሱ ዝም ብሎ ይሠራዋል። አይደለም እንዴ?»

«እምምምም!»

«ተስማማህ ማለት ነው። ተባረክልኝ!»

ተራ ይጠብቅ የነበረው ጫማ ሰፊ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ፀጉሬ እስኪመለጥ የጠበቅኩት ይቺን ቀን ነው!» አለ እንባውን እየጠረገ።

አባ ሥርዓት ግማሽ ፊቱ ነጭ እንደሆነ ብድግ አለ። «አልተስማማሁም!»

«እሺ፣ ተናገራ» አለችው ምላጩን አጥፋ።

አፉን ከፈተ። ጫማ ሰፊውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ እሱንም ሳቅ አሸነፈው።

«ለሠርጉ ግን» አለ በመጨረሻ ጣቱን ቀስሮ፣ «ጉልበቱ ያልተቀደደ ሱሪ!»

ዘላ አቀፈችው፤ አረፋውን ለሁለት ተካፈሉት።

የዚያን ቀንም በሬዲዮ ያንኑ ተናገረ፤ ከሐሳቡ ንቅንቅ አላለም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ግን «ክርክር ከአረፋ በፊት» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ጫማ ሰፊው የሚለውን ገና ስላልጨረሰ እስከ ዛሬ ጺሙን አልተላጨም።