የግራ እግር ካልሲ

የቡድኑን ልብስ የሚያጥቡትን ሴትዮ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ከአሰልጣኙ ጀምሮ እስከ በሩ ዘበኛ ድረስ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማሊያ፣ ቁምጣና ካልሲ አጥበዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ወንበር ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዩት ጨዋታ ከአምስት አይበልጥም።

«እኔ ጨዋታውን በማግሥቱ ነው የማየው» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተጎተተ፣ ማን ዘጠና ደቂቃ ቆሞ እንደዋለ ከልብሱ ያውቁታል። አንድ ጊዜ ተከላካዩ አውልቆ የጣለውን ቁምጣ ከቅርጫት አንስተው፣ ግራና ቀኝ አገላብጠው፣ «ይሄንን አጣጥፌ ብመልሰውስ? ምን ሆነና ነው የማጥበው?» ሲሉ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። ተከላካዩ በሚቀጥለው ጨዋታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ይኸው ሥራ!» ብሎ ቁምጣውን በሁለት እጁ አስረከባቸው።

የማጠቢያ ክፍላቸው ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር ነው። አንድ ትልቅ ማሽን አለ፤ ሲጨምቅ እየዘለለ ከቦታው ስለሚነሳ እትዬ በጀርባቸው ይደገፉታል። ከጎኑ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ከክፍሉ ኋላ፣ በሁለት የብረት ምሰሶ መካከል የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱን ያሰረው ድሮ የነበረ ቁመተ ረጅም በረኛ ስለሆነ ሁሉን ሰው በራሱ ልክ አስቦ ነው ያሰረው። እትዬ በርጩማ ላይ ካልወጡ አይደርሱበትም።

ማሊያውም ቁምጣውም ማሽን ውስጥ ይገባል። ካልሲ ግን በእጅ ነው። ማሽኑ የካልሲን ጣት አያጸዳም ብለው ያምናሉ፤ ይህንን እምነታቸውን ያስለወጣቸው የለም። ሲጨምቁ ደግሞ እንደ ሰው በሁለት እጅ አይደለም። ካልሲውን የገንዳው ቧንቧ ላይ ይጠመጥሙትና በግራ እጃቸው ያዞሩታል። ተጫዋቾቹ «የእትዬ ሦስተኛ እጅ» ይሉታል ቧንቧውን። ምክንያቱ የቀኝ እጃቸው አንጓ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት እርጥብ ወለል ላይ አንሸራትቷቸው ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ጄሶ አሠረላቸው። እሳቸው ግን የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ ደርሶ ስለነበር በሦስተኛው ሳምንት አስፈትተው ገንዳው ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ከባድ ነገር ይዞ አያውቅም። እትዬ ስለዚህ ነገር አያማርሩም። ጠዋት ቧንቧውን ሲከፍቱ «ተመስገን፣ ግራዬን ትተህልኛል» ብለው ነው የሚጀምሩት።

እንግዲህ የዘንድሮው ነገር የመጣው በካልሲ ነው።

ቡድኑ ትንሽ ቡድን ነው፤ ላይኛው ሊግ ገብቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ተንፏቆ ተንፏቆ ማጣሪያ ደረሰ። አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረ፤ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ባለበት ይቀራል። ከተማው ሁሉ አፉ ላይ ያለው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነበር፦ ሎጋው ይገባል ወይስ አይገባም?

ሎጋው የቡድኑ አጥቂ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ሆኗል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲመጣ ቀጭንና መለሎ ስለነበር የወጣለት ስም ነው፤ አሁን ወገቡ ሰፋ ቢልም ስሙ አልተቀየረም። ከሦስት ወር በፊት፣ ማንም ሳይነካው፣ ሜዳው መካከል ወደቀ። «ማነው የመታኝ?» ብሎ ዞር ሲል ከኋላው ሰው የለም። የግራ ተረከዙ ጅማት ነበር። ሐኪሙ «ግማሹ ተበጥሷል፤ ስድስት ወር ኳስ የለም» አለ። ሎጋው በሦስተኛው ወር ታኬታውን አሥሮ ልምምድ ሜዳ ላይ ተገኘ።

«እትዬ፣ ሰሙ ወይ?» አለ ዘበኛው የዚያን ቀን ጠዋት በሩን እየከፈተ። «ሎጋው ድኗል! የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሁለት ያገባል፤ አንዱን ለእኔ ብሎኛል።»

«ሌላውንስ?»

«እሱን ከእርስዎ ጋር ይነጋገሩ።»

እትዬ ስቀው ገቡ። ከሰዓት በኋላ የልምምዱ ልብስ በቅርጫት መጣ። የሎጋውን ካልሲዎች ገንዳው ውስጥ ሲነክሩ ግን ሳቁ ቀረ። የቀኙ ካልሲ ጣቱ ላይ ከሰል መስሏል። የግራው ጣት ግን ነጭ ነው። የሚሮጥ ሰው መሬቱን የሚገፋው በጣቱ ነው፤ ሲገፋ የታኬታው ቀለም ካልሲው ላይ ይጋባል። የግራው አልገፋም ማለት ነው። ግራውን ወደ ውስጥ ሲገለብጡት ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ የፕላስተር ሙጫ ተጣብቆበታል። ሎጋው «ያለ ፕላስተር ነው የምሮጠው» ብሎ ለጋዜጠኛ ሲናገር በሬዲዮ ሰምተውት ነበር። ሙጫውን በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን።

ሎጋው ራሱ መጣ፤ ማስቲካ እያኘከ በሩ ላይ ተደገፈ።

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ ተኮሳተሩ? ሳሙና አለቀ?»

«ሳሙናውስ አለ። ያንተ ሙጫ ነው የጨረሰኝ።»

ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ወደ ኋላው ተመልክቶ በሩን ገፋ አደረገው።

«ለማን ተናገሩ?»

«ለፈጣሪዬ ብቻ።»

«እሱ ያውቃል፤ ግድ የለም። ለአሰልጣኙ ግን አይናገሩብኝ። እትዬ ይሙቱ፣ አይናገሩብኝ! አንድ ቀን ነው። ዘጠና ደቂቃ ነው። ይሄ ካመለጠኝ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ አስታምሞ ለከርሞ የሚያቆይ ቡድን አለ?»

«ጨርሶ ቢበጠስስ?»

«ቢበጠስ ተበጠሰ። ላይኛው ሊግ ላይ ሆኜ አነክሳለሁ።»

እየሳቀ ሄደ። ሲሄድ ግን ጆሯቸውን ሰጡት፦ አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል።

ሁለት ቀን ዝም አሉ። ማሊያ ሲተኩሱ ይጸልያሉ፤ «ጌታዬ፣ ይህን ልጅ አንተ ያዝልኝ፤ እኔ አጣቢ ነኝ፣ ምን አግብቶኝ» ይላሉ። አንድ ጊዜ የዘጠኝ ቁጥርን ማሊያ በካውያ አቃጥለው «አደጋ ነው» ቢሉስ የሚል ሐሳብ ሽው አለባቸው። ካውያውን አንስተው ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ውሸት ነው፤ ደግሞ ማሊያውን ምን አጠፋ ብለው ይቀጡታል?

በሦስተኛው ቀን ፎጣ የሚያደርሱ መስለው ወጌሻው ጋ ገቡ። የቡድኑን እግር ሁሉ የሚያሸው እሱ ነው።

«የሎጋው እግር እንዴት ነው?» አሉት።

ወጌሻው የቅባቱን ክዳን አዙሮ አዙሮ ከደነ። «እትዬ፣ እኔ ‹ደኅና ነው› ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«የፈረምከውን አልጠየቅሁህም።»

«አልዳነም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እሱ ‹ድኛለሁ› ይላል፣ አሰልጣኙም አይጠይቀኝም። እኔ ማን ነኝ?»

ከዚያ ተነሥተው አሰልጣኙ ቢሮ ሄዱ። አሰልጣኙ ድሮ እዚሁ ቡድን ውስጥ ከሎጋው ጋር ተጫውቷል፤ እትዬ ያኔ «አንተ» ይሉት ነበር። ፊሽካውን አንገቱ ላይ ካንጠለጠለ ወዲህ ግን «እርስዎ» ነው። «እትዬ ይተዉ፣ አያስረጁኝ» ቢላቸውም እሺ አላሉም። የዚያን ቀን ሁለቱን ካልሲዎች ጠረጴዛው ላይ፣ የእሑዱ አሰላለፍ የተጻፈበት ወረቀት ላይ አስቀመጡለት።

አሰልጣኙ ካልሲዎቹን አየ። አልነካቸውም።

«ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ» አለ። «ሲታጠፍ አይቼዋለሁ። በአንድ እግሩም ቢቆም ሁለት ተከላካይ ይይዝልኛል ብዬ ነው።»

«እና ዝም አልክ?» «እርስዎ» ማለቱ ጠፍቶባቸዋል።

«ምን ልበለው? ኳስ ማቀበል ያስተማረኝ እሱ ነው። ‹በቃህ› የምለው እኔ ነኝ? ራሱ ይናገር ብዬ እየጠበቅሁ ነው።»

እትዬ ካልሲዎቻቸውን ሰብስበው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ቆም ብለው አሰቡት። ወጌሻው አሰልጣኙን ይጠብቃል፣ አሰልጣኙ ሎጋውን ይጠብቃል፣ ሎጋው ደግሞ እሑድን ይጠብቃል።

ዓርብ ከሰዓት ሎጋው ማሊያው መድረቁን ሊያይ መጣ። ከጨዋታ በፊት ሁሌ የሚያደርገው ነው። እትዬ ከኋላ፣ ገመዱ ሥር፣ እርጥብ ፎጣ የሞላ ቅርጫት ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል። ና ይሄን አስጣልኝ።»

«በርጩማውስ?»

«አንተ ሎጋው አይደለህ? በርጩማ ምን ያደርግልሃል?»

ፎጣውን አንሥቶ በቀኝ ጣቱ ጫፍ ቆመ፤ ግራውን ወደ ኋላ አንሳፈፈው። አሰጣ። ሁለተኛውን በቀኙ፣ ሦስተኛውንም በቀኙ። አራተኛውን ሲያነሳ እትዬ እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ።

«ይሄን በግራህ።»

ሎጋው አያቸው። ቀኙን አነሣና በግራው ቆመ። ተረከዙ ከመሬት አልተነሣም። ደግሞ ሞከረ። ፊቱ ላይ ያለው ጡንቻ ሁሉ ተነሣ፤ ተረከዙ ግን እንደ ተቸነከረ ቀረ። ከፎጣው ውኃ እጅጌው ላይ ይንጠባጠባል።

«ስንት ጊዜ ሞክረኸዋል?» አሉት።

«በየጠዋቱ። ቤት፣ ደረጃው ላይ። ባለቤቴ ሳትነሣ።»

«አንድ ቀን ተነሥቶልሃል?»

«አልተነሣም።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። እትዬም በርጩማውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡና የቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። አንጓው አብጦ ወደ ጎን ዘመም ብሏል።

«ይሄን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«በሦስት ሳምንት ጄሶውን አስፈትቼ ስመጣ ሁላችሁም አይታችኋል። ሁላችሁም ‹እጅዎ ይባረክ› አላችሁኝ፤ አንተም ብለሃል። ‹ይሂዱ፣ ይተኙ› ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። አልቀየምኩም፤ ራሴ ነኝ የቸኮልኩት። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጨዋታ ተጫውተሃል አይደል? ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

ሎጋው ወደ ሜዳው ተመለከተ። «ሁለት ለ… አይ፣ አንድ እኩል ነበር። ቆይ፣ ያ እኮ የዝናቡ ነው።» ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። ቆይቶ እጁን አወረደ።

«እኔም አላስታውሰውም» አሉ እትዬ።

ማሽኑ አጥቦ መጨረሱን የሚያስታውቀው ጩኸት ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ እትዬ አልተነሡም። በመጨረሻ ሎጋው ተነሥቶ አራተኛውን ፎጣ በቀኝ እግሩ ቆሞ አሰጣው። ቅርጫቱን ባዶ አደረገ። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማነከሱን ሳይደብቅ።

ቢሮው ውስጥ የተባለውን እትዬ አልሰሙም። ወጌሻው በኋላ እንደነገራቸው ከሆነ፣ ሎጋው «አልችልም» ሲል አሰልጣኙ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ «እግዜር ይስጥህ» ነው ያለው።

እሑድ እትዬ ማሊያዎቹን በየመስቀያቸው ሰቀሉ፤ የዘጠኝ ቁጥርንም ሰቀሉት። ሎጋው ከላይ ጃኬት ደርቦ ለብሶት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። በእሱ ቦታ የገባው አጥቂ አንድ አገባ። ባለጋራው ሁለት አገባ። ቡድኑ ባለበት ቀረ።

ዘበኛው ሳምንት ሙሉ ሰላም አላላቸውም። በስምንተኛው ቀን አላስችል ብሎት፣ «እርስዎ ነዎት አሉ ያስቀሩት!» አለ።

«እግሩ ነው ያስቀረው። እኔ ፎጣ ነው ያስሰጣሁት።»

«ቢገባ እናሸንፍ ነበር።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ እትዬ። እውነቱም ይኸው ነበር፤ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ሐሳብ ብዙ ቀን ይዘውት ውለዋል።

ሎጋው የፈራው ግን አልደረሰም። አሰልጣኙ ኃላፊዎቹ ዘንድ ገብቶ ተከራከረለት፤ አንዳንዱ በፍቅር ነው ይላል፣ እትዬ ግን ትንሽ ኀፍረትም አለበት ብለው ያስባሉ። እስኪድን ረዳት አሰልጣኝ፣ ሲድን ተጫዋች ሆኖ እንዲቆይ ተስማሙ። ለአምስት ወር ኳስ ሳይነካ የልምምድ ኮን ሲደረድርና ሲያነሣ ከረመ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ወደ ኋላ ብቅ ብሎ ፎጣ ያሰጣል። መቆንጠጫውን ጠማማ አድርጎ ስለሚሰካ እትዬ ይቆጡታል፤ እሱ ሲሄድ እንደገና ያስተካክሉታል። አንድ ቀን ከገንዳው ቀና ሲሉ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ በግራ ጣቱ ጫፍ ቆሞ አዩት። ተረከዙ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ተነሥቷል። ተመልሰው ወደ ገንዳው አጎነበሱ፤ እሱም ዞር አላለም።

በቀጣዩ ዓመት አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫወተ፤ አብዛኛውን ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ እየገባ። ሦስት ጎል አገባ፤ አንዷ ኳስ መቀመጫው ላይ ተላትማ ነው የገባችው። ዘበኛው እሷን «የእኔ» ብሎ ወሰዳት። ዓመቱ ሲያልቅ ሎጋው በራሱ አፍ «በቃኝ» አለና በሁለት ደኅና እግሩ ከሜዳ ወጣ።

ከእነዚያ ጨዋታዎች የመጀመሪያው በተደረገ ማግሥት እትዬ እንደ ልማዳቸው ካልሲዎቹን ነከሩ። የዘጠኝ ቁጥሩን ግራ ካልሲ አወጡት። ጣቱ ጠቁሯል። በሳሙና ፈተጉት፣ አለቀለቁት፣ ደግመው ፈተጉት፤ ጥቁረቱ አልለቅም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይናደዱ ነበር። ቧንቧው ላይ ጠምጥመው በግራ እጃቸው እየጨመቁ፣ «ተመስገን» አሉ፤ ከነጥቁረቱም አሰጡት።