ከበርበሬ መጠቅለያ የታጠፈች እንቁራሪት

ከደሴ በወጣሁበት ሌሊት ዝናብ ይጥል እንደነበር እርግጠኛ ነበርሁ። በአውቶቡሱ መስኮት ላይ የሚንከባለለው ውኃ ዛሬም ይታየኛል። ወንድሜ ግን በስልክ፣ «የምን ዝናብ? አቧራ ነበር እንጂ» ይለኛል። ስለዚህ እናንተ አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ ሪያድ አብራችሁኝ የምትንከራተቱም፣ የማስታውሰውን ሁሉ አትመኑኝ፤ ሐፍረቴን ግን እመኑ።

ጊዜው የ2010 ክረምት ነበር። በሲቪል ምህንድስና ዲግሪዬ በአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ንድፍ አራሚ ሆንሁ፤ ዑድ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ከአገሬ ልጅ ከከማል ጋር አንዲት ክፍል ተጋራን። የደሴን ብርድ ጋቢ ደርቦ መመከት ይቻላል፤ የሪያድን ሙቀት ግን ግድግዳው ራሱ ይተነፍስብሃል። የአክስቴ የፋጡማ ልጅ ዘይነባ ከእኔ ቀድማ መጥታ፣ በከተማዋ ሰሜን ከአሠሪዎቿ ቤት እያደረች ትሠራ ነበር።

አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ሰይዴ፣ ትንሿ ልጅ ባለቀሰች ቁጥር ማዳም በእኔ ታሳብባለች። እንዲህ ከቀጠለ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ አስመትታ ወደ አገሬ ትሸኘኛለች። አንተ የተማርህ ነህ፤ ልጅ የሚያባብል ነገር ፈልግልኝ።»

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ኦሪጋሚ የሚሉትን የጃፓኖች ወረቀት የማጠፍ ጥበብ ነበር፤ ጀርባዋን ሲጫኗት የምትዘል እንቁራሪት። በቪዲዮው የሚታዩት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው፤ ንግግር የለም። ወረቀቱን ሰያፍ ያጥፋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ሰብስበው ሦስት ማዕዘን ያወጣሉ። እኔ እዚያ ላይ ስደርስ እጆቹ ይቀድሙኛል። መልሼ አያለሁ፣ መልሼ አጥፋለሁ።

ከማል አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ «ወንድሜ፣ መንግሥት አምስት ዓመት ያስተማረህ ለዚህ ነው?» አለኝ።

«አታዘናጋኝ።»

«ቀጥል፣ ቀጥል። ድልድዩ ቢቀር እንቁራሪቷ ትሻገር።»

በመጨረሻ ዘለለች። እንደ ሕፃን ኮራሁ።

ማዳም ለሕክምና ሹመይሲ ወዳለው ሆስፒታል ስትሄድ ዘይነባ ልጅቷን ይዛ ተከተለቻት። እኔም ለዘይነባ ከእናቷ የተላከላትን በርበሬ ይዤ በር ላይ ጠበቅኋት። ልጅቷ ታለቅስ ነበር። በርበሬው ከተጠቀለለበት የአማርኛ ጋዜጣ አንድ ቁራጭ ቀድጄ እንቁራሪቷን አጠፍሁላት፤ ልቅሶዋን ትታ ሳቀች። ዘይነባ፣ «ነጭ ወረቀት አልነበረህም?» ያለችኝ ይመስለኛል። በእርግጥ ብላኝ ይሆን? ወይስ ቃሉን በአፏ ያስቀመጠው በኋላ የሆነው ነገር ነው? አላውቅም። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፤ አላውቅም።

ከቀናት በኋላ ከፊሏ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን በእጁ የያዘው የቤቱ ጌታ፣ አስጠራኝ። ማዳም ከልጅቷ ትራስ ሥር ያገኘችው ነገር ምንጣፉ ላይ በሳህን ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ በማያውቁት ፊደል የተጻፈ፣ ቀይ የነካው፣ ጥብቅ ተደርጎ የታጠፈ ወረቀት። ክታብ ያየ ሰው ምን እንደጠረጠሩ ይገባዋል። እዚህ «ሲሕር» ይሉታል፣ ድግምት፤ በእርሱ የተጠረጠረች ሠራተኛ ተሸኝታ ብቻ ብትተርፍ ዕድለኛ ናት።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«የጨረታ ማስታወቂያ ነው።»

«አንብበው።»

በተሰባበረ ዐረብኛ ተረጎምሁለት። «ያገለገሉ የጭነት መኪና ጎማዎችን ባሉበት ሁኔታ ለመሸጥ...»

«የማን መኪና?»

«አላውቅም።»

«ጎማውን ከልጄ ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም። ወረቀት ብቻ ነው።»

«ቀዩስ?»

«በርበሬ።»

አንሥቶ አሸተተውና ደጋግሞ አስነጠሰው። ከዚያ ነጭ ወረቀት ወረወረልኝ። «መጫወቻ ከሆነ ፊቴ ሥራው። ያላ፣ ያ ሙሀንዲስ።»

ተንበረከክሁ። ሦስት ማዕዘኑ ላይ ስደርስ እጄ የለመደውን ሁሉ ረሳ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን ብከፍት የሳሙና ማስታወቂያ ቀደመ፤ እኔና ከፊሉ እስኪያልቅ ድረስ አብረን ተመለከትን። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች። ራሷን ስትነቀንቅብኝ ያየሁ መሰለኝ፤ ሻሿን እያስተካከለች ሊሆንም ይችላል።

ጣቴን ጫን ሳደርጋት እንቁራሪቷ ዘለለች። ሰውየው ሳቀና «ኸላስ»፣ በቃ፣ አለ። እኔም ወደ ዘይነባ አልዞርሁም፤ የሰውየውን ፊት ነበር የማየው፣ መሳቁም ደስ አሰኘኝ። እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያግለኝ ይህ ደስታ ነው።

ከመጋረጃው በስተጀርባ የማዳም ድምፅ ተሰማ። «ይቺ ነጭ ናት። ያቺ ቀይ ነበረች።»

ከፊሉ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ዘይነባ ወደ አገሯ አልተሸኘችም። ስልኳ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ደጃቸውን ደወልሁ፤ በግድግዳው ማነጋገሪያ፣ «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት፣ ሂድ» አሉኝ።

ትናንት አክስቴ ደወለች።

«ሰይዴ፣ የልጄ ስልክ ለምን ተዘጋ?»

«ደህና ናት፣ አክስቴ።»

«አየሃት?»

«በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር።»

«ስለ በሩ አልጠየቅሁህም፣ ልጄ። አየሃት ወይ ነው ያልሁህ።»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርሁ።

«ዝም አልህ።»

«መስመሩ ነው፣ አክስቴ። ይቆራረጣል።»

«መስመሩስ ደህና ነው» አለችኝ። «ትንፋሽህ ሳይቀር ይሰማኛል።»