አህያዋን የመታሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቴንም ስካሬንም ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ሙራድና እኔ አዲስ ከተማ ሰፈር ያደግን፣ በአንድ ክለብ የምንሮጥ ጓደኛሞች ነበርን። ሩጫ እኔ ቀድሜ ጀመርኩ፤ እሱ ግን በለጠኝ። ሰው "ጓደኛህ ጎበዝ ነው" ሲለኝ እስቃለሁ፣ ሆዴ ይቃጠላል። እግሩ በተሰበረ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ።

ለአገር አቀፍ ውድድር እሱ ተመርጦ እኔ ተጠባባቂ የሆንኩ ዕለት፣ ከልምምድ ስንመለስ አሮጌ ብረት በሚሸጥበት በምን አለሽ ተራ አቋረጥን። እሱ ውሃ ሊገዛ ወደ ኋላ ቀረ። ጠባቧን መንገድ ጭነት የተሸከመች አህያ ዘግታታለች፤ ባለቤቷ አጠገቧ የለም። ከብረት ክምሩ ላይ ቱቦ አንስቼ እግሯን መታሁ። አንዴ ብቻ ነው ብል ደስ ባለኝ። ሦስቴ ነው። ወደቀች። እሷ ምን አድርጋኝ ነበር? ቱቦውን ጥዬ ራቅ አልኩ።

ሙራድ ደርሶ ጭነቱን ሊፈታላት ሲታገል ባለቤቷ መጣ፤ ሰው ተሰበሰበ፣ ፖሊስም ደረሰ። ማን እንደመታት ሲጠየቅ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ "እሱ ነው፤ አይቻለሁ" አልኩ።

አህያዋ ዳግም አልቆመችም። ሙራድ ተከሰሰ። ክለቡም በእንስሳ የሚጨክን ስፖርተኛ ስማችንን ያጎድፋል ብሎ፣ ፍርዱን ሳይጠብቅ አሰናበተው። ፍርድ ቤት የሰጠሁት ቃል እርስ በርሱ ሲጋጭ ዳኛዋ በነፃ ለቀቁት፤ ክለቡ ግን አልመለሰውም። በእሱ ቦታ እኔ ሮጥኩ። ከኋላ ሦስተኛ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ሲኒማ ራስ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ ሙራድ አገኘኝ።

"ከሩቅ ስለነበርክ ተሳስተህ ነው፤ አልተቀየምኩህም" አለኝ።

ያን ጊዜም ቀናሁበት። እንዲህ ያለ ልብ ለምን ለእሱ ተሰጠ?

አሁን አሰልጣኝ ነኝ። ባለፈው አንድ ሯጫችን ውሻ ገደለ ተብሎ ሲከሰስ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ይስማው፣ ጥፋተኛ ከሆነ ሯጭ ነው ተብሎ አይታለፍ፣ ካልሆነም ቦታው ይጠበቅለት አልኩ። ሚዛናዊ ሰው ነህ ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ሙራድ በርበሬ በረንዳ ይነግዳል። ባለፍኩ ቁጥር ጤናዬን ይጠይቀኛል። ልጅ ነበርኩ፣ ተናድጄ ነበር አልልም። እሱ ይቅር ያለው የተሳሳተ ሰው ነው። እኔ አልተሳሳትኩም።