ከደጀ ሰላሙ ውጭ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ባለቤቴን ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ዋርካው ሥር ቆማ አየኋት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ተከናንባለች፤ ፊቷ ወደ መቅደሱ ነው። ጠዋት አብረን ነበር የመጣነው። እኔ በወንዶች በኩል ስገባ እሷም በሴቶች በኩል የገባች መስሎኝ ነበር።

«ምነው?» አልኳት።

«ሙቀቱ ነው። ውስጥ አየር የለም።»

የናዝሬት ሙቀት ውሸት የለበትምና ተቀበልኳት። ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ ግን ልቤ አላረፈም። ያን ዋርካ እኔ አውቀዋለሁ።

የእኛን ሥርዓት ለማያውቅ ላስረዳ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቅጥሩን አልፋ አትገባም፤ ከውጭ ሆና ታስቀድሳለች። ከተጋባን በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ ሳናገኝ ቆየን። በዚያ ዘመን ባልና ሚስት እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥተው አይነጋገሩም፤ እሷ አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። ነገሩ እሑድ ላይ በዋለ ጊዜ ግን ዋርካው ይነግረኝ ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ እዚያ ቆማ ሳያት «አሁንም የለም» እላለሁ በልቤ። ከዚያ ሸንኮራ አገዳ ገዝቼላት እያላመጥን በእግራችን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ ስለ ሌላ ነገር እያወራን። አንድ ክረምት ግን እሑድ ከእሑድ እየገባች አስቀደሰች። ዋርካው ሥር ሌሎች ሴቶች ቆሙ፣ እሷ የለችም። ልጃችን እንደምትመጣ ያወቅሁት እንዲያ ነው። ማንም አልነገረኝም።

ከዚያም ዕድሜዋ ደርሶ አረጠች። ለዓመታት ዋርካው ሥር አልቆመችም።

ጋብቻችን የሰማንያ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ፈርሞ የተጋባን ነን። በቁርባን ለመጋባት በወጣትነታችን አልደፈርንም፤ ከቆረቡ በኋላ መመለስ የለምና። ብዙ የዘመኔ ሰው የሚያደርገውን እኛም አሰብን፤ ልጅ ካደገ፣ ሴቲቱ ካረጠች በኋላ አብሮ መቁረብ። የንስሐ አባታችንን አማከርን፣ ንስሐ ገባን፣ ቀኖናችንን ፈጸምን። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልንቆርብ ተቆረጠ። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረም። በሽምግልናዬ አንድ የጎደለኝ ነገር ያ ነበር።

እንግዲህ መርፌው የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል። ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ፣ ስኳርሽም ድንበር ላይ ነው አላት። አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን በሐኪም ትእዛዝ እየገዛች እስክሪብቶ የሚመስል፣ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ በበረዶ ትልክልን ጀመር። በፍሪጁ በር ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ ይቀመጣል። ባለቤቴ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆዷ ላይ ትወጋዋለች።

እኔ አልወደድኩትም። «ሆድ በመርፌ አይገራም፤ ሆድ የሚገራው በራስ ፈቃድ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ጉልበትህን አውሰኝና እተወዋለሁ» አለችኝ።

የጾሙም ነገር አሳሰበኝ። ረሃብ የማይሰማው ሰው ጾመ ይባላል? ይህን ስጠይቃት «አንተ የእኔን ረሃብ ተውና የራስህን ምላስ ጹም» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ምግብ እተዋለሁ፣ ሰውን መምከር ግን መተው አልችልም።

ያም ሆነ ይህ መርፌው ሠራ። ባለቤቴ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳች። የአርሲዋ ጎረቤታችን በአጥር በኩል ብቅ ብላ «አዴ፣ ሰፈሩ ባልሽ ሁለተኛ አገባ እያለ ነው፤ አንዲት ቀጭን ሴት ከቤቱ ስትወጣ አይተናል ይላሉ» ብላ ሳቀችባት። ባለቤቴም ደስ አላት። ከሳጥኗ ሥር አበባ ያለበት ቀሚሷን አወጣች። ለበሰችው፤ ልክ ሆነ።

ያን ቀሚስ ሳይ ምን እንደሆንኩ ልናገር። የተገናኘነው ሁሩታ፣ ወፍጮ ቤት ነው። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ፣ ከዘይት ጣሳና ከሞተር መጽሐፍ ላይ ነው። በኋላም የወፍጮ ሞተር መጠገን ተምሬ በደራና በሁሩታ መንገድ እየዞርኩ እሠራ ነበር። እሷ እህል ልታስፈጭ መጥታ ወፍጮው ተበላሽቶ ጠበቀች። ሞተሩ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ በዱቄት ጨሰ። ዱቄቱ ሲረግብ ቀሚሷ ነጭ ሆኖ አየሁት። እያራገፈች «አንተ ነህ ያበላሸኸው፤ አንተው ታጥበዋለህ» አለችኝ። እጇ ሲያራግፍ ከነጩ ሥር ቀይ አበባው አንድ በአንድ ወጣ። ያን ጊዜ የተሰማኝን የሚገልጽ ቃል ከሞተር መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ግን ሽማግሌ ነኝ፤ ልቆርብ ነው። እንዲያ ያለ ቀሚስ ለአያት ዕድሜ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩትንም አልደበቅኩም።

በሚቀጥሉት ሳምንታትም ዋርካው ሥር ቆመች። አንድ እሑድ ሙቀት አለች፣ ሌላ እሑድ ራስ ምታት። ሐምሌ እየገባ፣ ፍልሰታ እየቀረበ ነው። እኔ በልቤ አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ ቀጭን ሆና፣ ሰው አድንቋት፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቁርባኑን ጠልታዋለች። መቁረብ የእርጅና በር መስሎ ታይቷታል። አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ጀመርኩ።

«ቁርባኑን ካልፈለግሽ በግልጽ ንገሪኝ። እግዚአብሔር አይሸወድም።»

እጆቿን ተመለከተች። እንደ ልጃገረድ አቀርቅራ «አበባዬ ተመልሶ ነው» አለች።

«አይቼዋለሁ! ስለ እሱ ነው የማወራው!» አልኳት። «እኔ እኮ አያምርብሽም አላልኩም። ግን ቀሚስ ሰውን ከቅዳሴ ያስቀራል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ፣ ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ምን ሆናችሁ?» እስክትል ድረስ ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ አንብበህ ይሄ ጠፋህ? የወሩን ነው የምልህ! የወሩን!»

ለአፍታ ምንም አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቋ አልተጋባብኝም። ፊቷ ላይ የነበረው ሃፍረት ብቻ አይደለም፤ ደስታም ነበር። ያው ሰኔ ላይ እንደጀመራት፣ መጀመሪያ እንደደነገጠች፣ ከዚያ ግን ሰውነቷ እንደ ጥንቱ ሲቀል ደሟም የታደሰ እንደመሰላት ነገረችኝ። «ወጣትነቴ ተመልሶ ነው» አለች። ለእኔ ያልነገረችኝ ቁርባኑ እንደሚቀር አውቃ፣ ልታሳዝነኝ ስላልፈለገች ነው። ፍልሰታ እስኪደርስ ይቆማል ብላ ጠበቀች።

እኔ ስለ ሴት ሰውነት የማውቀው ጥቂት ነው። የማውቀው ሞተር ነው። አርጅቶ የቆመ ሞተር ማንም ሳይነካው በራሱ ሲነሳ ጠጋኝ ደስ አይለውም፤ መጀመሪያ መብራቱን ያጠፋል፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ያያል። ይህን ነገርኳት። «እኔ ሞተር አይደለሁም» አለችኝ፣ ግን ድምጿ ተለወጠ። ወዲያው ለልጃችን ደወልኩ።

«አባዬ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለች። «ካረጡ በኋላ ደም ማየት ዝም አይባልም። እማዬን አቅርብልኝ።» እናቷ ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

የማህፀን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ባለቤቴን «ማዘር»፣ እኔን «ፋዘር» ትላለች። በአልትራሳውንድ አየቻት። ከዚያ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም አይደለም፤ የሴት ሆርሞን ይሠራል፣ ያስቀምጣልም። ሰው በፍጥነት ሲከሳ ያ የተቀመጠው ወደ ደም ሊለቀቅና የማህፀኑን ግድግዳ ሊቀሰቅስ ይችላል። መርፌውን ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ የሆኑ ሌሎች ሴቶችም ወደ እሷ መጥተዋል።

«ስለዚህ መርፌው ነው?» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል ፋዘር። ግን ነው ብዬ አልፈርምም። ግድግዳው ወፍሯል። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም መጥፎ ነገርም ሊሆን ስለሚችል ናሙና ወስጄ ላስመርምር። መርፌውን ለጊዜው እናቁም።»

መጥፎ ነገር ያለችውን ስሙን አልጠራችውም። እኛም አልጠራነውም።

ውጤቱ እስኪመጣ ፍልሰታ ገባ። ምክሬ ሁሉ አለቀብኝ። ለሰው የምነግረው፣ ለልጄ የነገርኳት፣ ትዕግሥት፣ እምነት፣ ሥርዓት፣ አንዱም ለራሴ አልሆነኝም። ቁርባኑን የፈለግኩት ለእግዚአብሔር ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። በእነዚያ ቀናት እውነቱን አየሁት፤ የፈለግኩት ሞት እንኳ እንዳይለየን ነው። አሁን ደግሞ መለየቱ ከቁርባኑ ቀድሞ ሊመጣ ሆነ።

አንድ ጠዋት «ሁሩታ እህቴ ጋ እንሂድ» አለችኝ። ሚኒባስ ተሳፈርን። ደራ ስንደርስ ገበያ ነበር፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ሾፌራችን በኦሮምኛ ይቆጣል፣ ባለጋሪው በአማርኛ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ከዚያ ወደ ሁሩታ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። የስንዴው ማሳ ገና አረንጓዴ ነበር። እህቷ ቤት ከመግባታችን በፊት ወፍጮ ቤቱን እንይ አለችኝ። ቦታው ላይ የሞባይል መሸጫ ተሠርቷል። በሩ ላይ ቆምን። ባለሱቁ «ምን ልርዳችሁ?» ሲል ባለቤቴ «ይሄ ሰውዬ እዚህ ቀሚሴን አበላሽቶብኝ፣ ካሳ ልቀበል ነው» አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከሚኒባሱ ስንወርድ የያዘችውን ክንዴን አልለቀቀችም ነበር። ድሮ በአደባባይ እንዲህ አትይዘኝም፤ እኔም አልፈቅድም ነበር።

በመመለሻው ላይ «ብሞት ያን ቀሚስ ለልጃችን ስጣት» አለች።

«አትሞቺም።»

«እግዚአብሔር ነህ?»

«አይደለሁም። ግን ቀሚሱን አልሰጥም።»

ውጤቱ ፍልሰታ ከመፈታቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሳታነብልን ፈገግ አለች፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ግማሹን አልሰማሁም። መጥፎ ነገር የለም። ግድግዳው ወፍሯል፣ በመድኃኒት ይስተካከላል፣ ክትትል ይፈልጋል። መርፌውን ወደፊት ከፈለገች በትንሽ መጠን፣ ቀስ ብላ፣ ሁለቱ ሐኪሞቿ ተነጋግረው። ደሙ ግን ለጊዜው ትንሽ ትንሽ ሊቀጥል ይችላል።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው። እናቶቻችሁና ሚስቶቻችሁ ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ጸጋ ነው፣ ወጣትነት ነው ብለው አይቀመጡ፤ እናንተም በአፍረት አትለፉት። ይመርመሩ። የእኛ በደህና አለፈ፤ የሁሉም እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ባልና ሚስት የማይነጋገሩት ነገር ጨዋነት ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር።

የንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። «አባታችን፣ ይሄ እኮ በሽታ ነው፣ ልማዱ አይደለም» አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ በሽታም ቢሆን ደም እየፈሰሰ አይቆረብም። ይቆይ። ሲቆም ትቆርባላችሁ።»

«እኔስ?»

«ባልና ሚስት አንድ አካል ናችሁ። ግማሽ አካል ምን ላድርገው?»

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ከጓሮ እስከ ደጅ ሞላ። ነጭ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን፤ ለቁርባኑ የተገዛው ነው፣ ሌላ ቀን የለውም ብላ አስለበሰችኝ። ዋርካው ጋ ስንደርስ ቆመች። እኔም ቆምኩ።

«ግባ እንጂ» አለችኝ።

«እዚሁ አስቀድሳለሁ።»

«ወንድ ልጅ እዚህ አይቆምም። ሰው ያያል።»

«ይይ።»

ዙሪያችን ወጣት ሴቶች ቆመዋል። ሽማግሌ መካከላቸው ሲገተር ያየች አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ የዋርካው ጥላ ከእግራችን እየሸሸ ሄደ። ዕድሜዬን ሙሉ ከውስጥ የሰማሁትን ቅዳሴ ከውጭ ስሰማው ድምፁ ሌላ ነው፤ የባጃጅ ጡሩምባ ይገባበታል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል። እሷ ለዓመታት የሰማችው እንዲህ ያለውን ነበር።

ያን ዘመን አሰብኩ። እኔ ውስጥ ሆኜ ልጅ እለምን ነበር። እሷ እዚህ ቆማ ምን ትለምን እንደነበር ግን ጠይቄያት አላውቅም።

«ያኔ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ልጅ ሳይኖረን፣ እዚህ ስትቆሚ ምን ብለሽ ትጸልዪ ነበር?»

አሰበች። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ቶሎ እንድትወጣ» አለች። «ፀሐዩ ያቃጥል ነበር።»

ከውስጥ ደወሉ ተደወለ። ሕዝቡ ሰገደ፤ እኛም እዚያው አፈሩ ላይ ሰገድን። ስነሳ ጉልበቴ እምቢ አለኝና እጇን ዘረጋችልኝ።