ያልታረደው ድብ

ነገሩ የሆነው የሞስኮ ኦሎምፒክ ባለፈ በዓመቱ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ዛሬም የዓለም ዋንጫ ወይም ኦሎምፒክ ሲመጣ፣ የውድድሩ ምልክት የሆነውን እንስሳ ቴሌቪዥን ላይ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ልጆቼ ምክንያቱን ስለሚያውቁት አይጠይቁኝም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ የአንኮበር ወረዳ እግር ኳስ ቡድን አምበል ነበርኩ። ግማሾቻችን የአንኮበር ከተማ ልጆች፣ ክርስቲያኖች ነን። ግማሾቹ ደግሞ ከታች ከአልዩ አምባ አቀበቱን ወጥተው የሚመጡ ሙስሊሞች፣ የነጋዴ ልጆች ናቸው። አጥቂያችን ሰይድ ከእነሱ ወገን ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ የምቀርበውም እሱን ነበር።

የወረዳው የስፖርት ኃላፊ ጓድ መኮንን አንድ ቀን የሞስኮውን ድብ ሥዕል አምጥቶ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቀበቶ የታጠቀ፣ ፈገግ ያለ የድብ ግልገል ነው። ሩሲያ ተምሮ የመጣ ወዳጁ እንደነገረው፣ በመዝጊያው ዕለት ድቡን በፊኛ ወደ ሰማይ ሲሸኙት ስታዲየም ሙሉ ሰው አልቅሷል።

"እኛም ምልክት ያስፈልገናል" አለን ጓድ መኮንን።

ያን ሰሞን አንኮበር ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ፀጉር አስተካካያችን ድብ በዓይኑ አይቶ ሳያውቅ "እንቅልፋም ነው አሉ፤ ለስፖርት ምን ይሆናል?" እያለ ሩሲያኖቹን ይተቻል። ሰይድ ደግሞ "አገራቸው ያለውን አወጡ፤ እኛም ያለንን እናውጣ" ይላል። አንበሳ ይሁን ብንል ጓድ መኮንን የንጉሡ ዘመን ምልክት ነው ብሎ ወዲያው ጣለው። ጭላዳ ሲባል ገበሬዎቹ አልሰማም አሉ፤ ገብሳቸውን ለሚጨርስ ዝንጀሮ ማን ያጨበጭባል? የአልዩ አምባ ልጆች ግመል አሉ። እኛ ደግሞ ግመል አንበላም አልን።

ምልክቱን ብሉ ያለን ሰው አልነበረም። ሁላችንም ግን አስቀድመን የድሉን ግብዣ እያሰብን ነበር። መጨረሻ ላይ በበግ ተስማማን፤ በግ ሁላችንም እንበላለን።

አዋጥተን ጠጉሩ መሬት የሚጠርግ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ አውራ በግ ገዛን። ስሙንም ድቡ አልነው። ጓድ መኮንን፣ የአውራጃውን ዋንጫ ከወሰድን በዚያው ቀን እንደሚታረድ ቃል ገባልን።

ለፍጻሜው ከድቡ ጋር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ደብረ ብርሃን ገባን። የከተማው ደጋፊዎች ገና ሲያዩን "ምሳችሁን ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?" እያሉ ሳቁብን። ድቡ ከግባችን ጀርባ ታስሮ ጨዋታውን ሁሉ ሲያመሰኳ ቆየ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሰይድ በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባና አሸነፍን። ድቡን ትከሻችን ላይ አድርገን ሜዳውን ዞርን።

ከዚያ እየዘፈንን በአቅራቢያው ወደነበረው የወይዘሮ አስካለ ምግብ ቤት ሄድን። ወይዘሮ አስካለ ቢላውን ስለው ይዘው ብቅ አሉና እንደ ዋዛ ጠየቁ።

"የሚባርከው የትኛችሁ ነው?"

ዘፈኑ ቆመ። ክርስቲያን ባርኮ ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ሠርግ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል። እኛ ያለን ግን አንድ በግ ነው። ከልምምድ በኋላ ሁልጊዜ ሽሮ ከአንድ ትሪ ስንበላ ይህ ነገር ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር።

እነሱ ወደ አንዱ ጥግ፣ እኛ ወደ ሌላው ጥግ ቀስ በቀስ ስንለያይ አየሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ፈራሁ። ዋንጫውን ባገኘንበት ቀን ቡድኑን የምናጣው መሰለኝ።

ጓድ መኮንን ነገሩን አባሰው። "ይሄ ኋላ ቀርነት ነው፣ ጓዶች" አለ። "እኔ የማንንም ስም ሳልጠራ አርደዋለሁ። ሁላችሁም ትበላላችሁ።"

እንዲህ ከታረደማ የሚበላው አንድም ሰው የለም። ያን ጊዜ ካድሬን እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የኖረበት ያውቀዋል። ጓድ መኮንን ቢላውን ከወይዘሮ አስካለ እጅ ተቀብሎ ድቡ ወደታሰረበት በር አመራ። አምበል ነኝና መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ዋንጫውን እንዳቀፍኩ ቀረሁ።

ሰይድ ተነሣ። "ጓድ መኮንን፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።"

"ጠይቅ።"

"ሩሲያኖቹ ጨዋታው ሲያልቅ ድባቸውን አረዱት እንዴ? እርስዎ በፊኛ ሸኙት ብለውን አልነበር?"

ጓድ መኮንን ቢላውን እንደያዘ ቆመ። ድቡን አየ፤ ሰይድን አየ።

"አላረዱትም" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። "እኔ አሁን ፊኛ ከየት ላምጣ?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ አስካለ "በሉ እንግዲህ፣ ሽሮዬን ብሉ" ብለው ቢላውን ተቀበሉት። በትልቅ ትሪ አቀረቡልን፤ ጓድ መኮንንም እጁን ታጥቦ ከመሀላችን ገባ። ለድቡም እየቆረስን በሩ ላይ አጎረስነው።

ከዚያ በኋላ ድቡ ብዙ ዓመት ኖረ። ደጋው ሲበርድ ታች ሰይድ ዘንድ ይወርዳል፤ ቆላው ሲግል ላይ እኔ ዘንድ ይወጣል። አንድ ጠዋት ግን ጋጣው ውስጥ ሞቶ አገኘሁት። ሞቶ የተገኘ በግ እነሱም አይበሉም፣ እኛም አንበላም፤ በዚህስ ተስማማን። ሰይድ መጣና አብረን ቆፍረን ቀበርነው። በአገራችን በእርጅና የሞተ አውራ በግ ከእሱ ሌላ አላውቅም።

አሁን ሁለታችንም ሸምግለናል። አዲስ ውድድር በመጣ ቁጥር ሰይድ ይደውልልኛል።

"የዘንድሮውን ምልክት አየኸው፣ አምበል?"

"አየሁት።"

"እንዴት ነው?"

"ያምራል። ግን አንድ ትሪ ላይ የሚያስበላ ይመስልሃል?"

ስልኩ ውስጥ ሳል እስኪይዘው ይስቃል። ስዘጋው የወይዘሮ አስካለ ሽሮ ያምረኛል።