ጋሽ ወርቁን ወደ እናታቸው ሰፈር የወሰድኳቸው ዕለት

«እናትህ ‹ልጄ ሞቷል› ትለን ነበር እኮ!» አሉ እማማ ዘነቡ፣ ሞተ የተባለውን ሰው አፍጥጠው እያዩ።

ይህ የሆነው ዛሬ ጠዋት ነፋስ ስልክ ሰፈር ነው። ሰውየው ጋሽ ወርቁ ናቸው።

በዘጠናዎቹ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለእስረኞች የማጽናኛ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። ለእኔ የደረሱኝ የዕድሜ ልክ ፍርደኛው ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሌሎቹ ልጆች ሲያቆሙ እኔና እሳቸው መጻጻፋችንን ቀጠልን።

በቅርቡ በአመክሮ ተፈቱና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ተገናኘን። (በእጅ ጽሑፋቸው ግዙፍ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሱት።)

«እናቴ ቤት ውሰጂኝ» አሉኝ። እናታቸው ለደብዳቤዎቻቸው መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። የድሮ ጎረቤታቸውን እማማ ዘነቡን አገኘን። «እሷማ ካረፈች ቆየች» አሉን።

ጋሽ ወርቁ አላለቀሱም። የፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉና «እህቴ፣ በየደብዳቤሽ ‹ተስፋ አይቁረጡ› ትዪኝ ነበር። አሁንስ ምን ትዪኛለሽ?» አሉኝ።

«ይነሱ፣ እኔ ቤት ሄደን ምሳ ይብሉ» አልኳቸው።

አሁን እኔ ቤት ሳሎን ተቀምጠዋል። ምሳ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

እናንተስ፣ የታሰረ ሰው ስታጽናኑ ኖራችሁ ሲፈታ የምትሉት የጠፋችሁ አላችሁ? ምን አላችሁት?