እምቢ ያለው ሽምብራ

ይህ የሆነው አምና፣ እዚህ ኩዌት ብርዱ በገባ ሰሞን ነው። ነገሩ ስለ ድስት ስለሆነ «ይሄ ደግሞ ምኑ ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ግን በዚያ ድስት ሰበብ ትዳሬ ከመፍረስ ስለተረፈ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኔ የመተሐራ ልጅ ነኝ። ኩዌት ከመምጣቴ በፊት በጂቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። አሁን ሳልሚያ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ዘነበች የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ተጋብተን ጎጆ የወጣነውም እዚያው እሷ አገር ነው።

በተጋባን ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያጨቃጨቀን አንድ ነገር ነው፤ ጥሬ። ባቄላ ትጥዳለች፣ አይበስልም። ሽምብራ ትጥዳለች፣ አይበስልም። ከመንገድ ደክሞኝ፣ ርቦኝ ስገባ «ትንሽ ቀረው» ትለኛለች። ያ ትንሽ የምትለው አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

እናቴ ደግሞ መተሐራ ላይ ያንኑ ባቄላ ከሰል ላይ ጥዳ፣ ልብሷን አጥባ ሳትጨርስ ይደርስላታል። አንድ የጾም ሰሞን ልትጠይቀን መጣችና ምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘገየ። እናቴ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ልጄ ሙያ የሌላት አገባብኝ» አለች። ዘነበች ጓዳ ውስጥ ሆና ሰማች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሳያንስ፣ ከዚያ ወዲህ በተናደድኩ ቁጥር ያንኑ ቃል እኔም መድገም ጀመርኩ። አንዲትን ባለትዳር «ሙያ የለሽም» ማለት ምን እንደሆነ መቼም ለአንባቢ አልነግርም።

ኩዌት መጥቼ አርብ አርብ ፋርዋኒያ ሰፈር ጓደኞቼ ቤት ማብሰል ስጀምር ደግሞ ይባስ አለብኝ። ሽምብራ ስጥድ ወዲያው ፍርስ አለልኝ። «አየህ! እኔ ወንዱ እንኳን…» አልኩ በልቤ።

እንግዲህ አምና ባባ፣ ማለትም የቤቱ ጌታ፣ ካራቫን ገዙ። አልጋውም መታጠቢያውም ውስጡ ያለ፣ ቤት የሚያህል መኪና ነው። በትምህርት ቤት እረፍት ልጆቹን ይዘን ሳዑዲ፣ አብሃ ተራራ ድረስ ልንሄድ ነው። የቤቱ ወጥ ሠሪ ስለማትሄድ አብሳዩ እኔ ሆንኩ።

ማብሰያው ላይ ባልና ሚስት አልተስማሙም። ባባ በግ የሚጠበስበት ትልቅ የጋዝ ምድጃ ፈለጉ። ማዳም ደግሞ «ልጆቼን ከጋዝ ጋር አላስተኛም፣ ኤሌክትሪክ ይሁን» አለች። በመጨረሻ ባባ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ መንገድ ላይ ስታበስል የኖርክ ሰው ነህ፤ ሞክረህ ምረጥ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በጂቡቲ መንገድ ከመኪናው ጎን ትንሽ ቡታጋዝ አስቀምጠን፣ ነፋሱን በጀሪካን ከልለን ነበር የምናበስለው። ድስት ረጅም እጀታ ካለው መኪናው ሲነቃነቅ ሁሉን ነገር እየመታ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ስለዚህ ጆሮ ያላቸው፣ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገቡ ድስቶች መረጥኩ። መጥበሻም አንድ ብቻ፤ የመኪና ላይ ውሃ ዕቃ እያጠቡ የሚጨርሱት አይደለማ!

ካራቫኑን ግቢ ውስጥ አቁሜ ፈተናውን ጀመርኩ። መጀመሪያ የማዳምን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰካሁ። የሩዙ ውሃ ገና ለብ ሳይል የመኪናው ባትሪ አቅም አጥቶ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ባባ ሳቁ፤ ማዳም አልሳቀችም። በኋላ የጋዙ ሲሊንደር ከውጭ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ጋዝ ሲያፈስ የሚጮህ መሣሪያም ያለው ባለ ሁለት ማንደጃ ምድጃ አገኘሁ። ማዳም መሣሪያውን ሦስት ጊዜ አስጩኻ ካየች በኋላ እሺ አለች።

ባባ የቀራቸው ነገር አንድ ነበር። «ነኺስ?» አሉኝ። ነኺ የሚሉት እዚህ በብርድ ጊዜ በትኩሱ የሚበላ የተቀቀለ ሽምብራ ነው። ባባ ብርድ ገብቶ እሱን ካልበሉ የበሉ አይመስላቸውም።

ተነክሮ ያደረ ሽምብራ ጣድኩ። ወዲያው በሰለ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቴ ይዤ ስጫናት ድቅቅ አለች። ይህን በስልኬ ቀርጬ ለዘነበች ላክሁላት። «ይኸውልሽ፣ እኔ ወንዱ መኪና ውስጥ አበሰልኩ። ሙያ ማለት ይሄ ነው!» ብዬም ሳቅሁ።

አይታዋለች፤ መልስ ግን የለም። በማግስቱ ስደውል አታነሳም። በሦስተኛው ቀን እህቷ አነሳችና «እባክህ ተዋት። ልብሷን ጠቅልላ እናታችን ቤት ገብታለች። ሙያ ያላት ይፈልግ፣ እኔ በቅቶኛል ብላለች» አለችኝ። ክው አልኩ።

በዚያው ሳምንት መለዋወጫ ሲሊንደር ልገዛ ሹዌክ ሰፈር ወዳለ የካምፕ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። በሁለታችንም ስብርባሪ ዐረብኛ እናወራለን።

«ወዴት ነው ጉዞው?» አሉኝ።

«አብሃ።»

«ምን ልታበስሉ?»

«ሩዝ፣ ሥጋ፣ ነኺ።»

ከመደርደሪያው ላይ ፕሬዠር ኩከር የሚሉትን፣ ክዳኑ የሚቆለፈውን ድስት አወረዱና «ያለዚህ እዚያ ነኺ አትበሉም» አሉ።

ዕቃቸውን ሊሸጡልኝ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ያንን ጉደኛ ቪዲዮ አውጥቼ አሳየኋቸው። አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ባሕሩ ዳር ነን። ውሃው በደንብ ሞቆ ነው የሚፈላው። ተራራ ላይ ውሃ በደንብ ሳይሞቅ ቶሎ ይፈላል። ሲንተከተክ ታያለህ እንጂ ሙቀቱ የዚህን ያህል አይደለም፤ ጥሬው እዚያ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። እሳት ብትጨምርም ውሃው ተንኖ ያልቃል እንጂ አይሞቅም። ይሄኛው ድስት ግን እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ሙቀቱ ይጨምራል።»

«ሁሉም ተራራ ላይ?»

«ሁሉም። እናቴ ተራራ ላይ ነው ያሳደገችኝ፤ አውቀዋለሁ።»

«የሰው ሙያ አይለውጠውም?»

«የንጉሥ ወጥ ሠሪ ብትሆንም አይለውጠውም» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ስልኬን አውጥቼ የደብረ ብርሃንን ከፍታ ፈለግሁ። ከአብሃ ይበልጣል! መተሐራ ደግሞ ታች፣ ቆላው ውስጥ ናት። ስልኩን ለሽማግሌው አሳየኋቸው።

«እዚህ ተራራ ላይ ማነው የሚያበስለው?» አሉኝ።

«ሚስቴ።»

«ጎበዝ ሴት ናት» አሉና ድስቱን በፌስታል ከተው ሰጡኝ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ። ፊቴ ሁሉ ጋለ። ግን ሰው ግትር ነው፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አልኩ። ከሞከርኩት ሽምብራ ሳይነከር የተረፈውን ለአብሃ አስቀመጥኩ። ማዳም የሚቆለፈውን ድስት ስታይ «ቦምብ አመጣህልኝ!» ብላ ጮኸች። ግቢ ውስጥ ጥጄ እያፏጨ ሲያበስል ከመስኮት ሆና አየችና «አንተ ትነካዋለህ፣ ልጆቼ ግን አይጠጉትም» ብላ ፈቀደች።

አብሃ እንደደረስን ያንኑ ሽምብራ እንደበፊቱ ነክሬ አሳደርኩ። በማግስቱ በመጀመሪያው ድስት፣ በዚያው ምድጃ ላይ ጣድኩት። ውሃው ቶሎ ፈላ። ደስ ሊለኝ ሲል ሽምብራው እምቢ አለ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ደረቅ ነው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ባባ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ነኺው አልደረሰም?» አሉኝ።

«ትንሽ ቀረው» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የዘነበች ቃል ነው። ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ስንት ቀን ነው እንዲህ ድስት ላይ ተደፍታ በሩን እያየች እኔን የጠበቀችው?

ሽምብራውን ወደሚቆለፈው ድስት ገለበጥኩ። ጥቂት ካፏጨ በኋላ ባባ ነኺያቸውን በሉ። እኔ ግን ሳልገለብጠው በፊት ከደረቁ አንድ እፍኝ አስቀርቼ ነበር። አንዷን ፍሬ ስልኬ አጠገብ ሆኜ ነከስኳት። ቀጭ! ድምፁን ለዘነበች ላክሁ። «ተራራ ላይ ነኝ። ሁለት ሰዓት ፈልቶ ነው እንዲህ የሆነው። ጥፋቱ የተራራው ነበር፤ ያንቺ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ጥደህ የተማረርከው?» አለችኝ። ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ዕንባዬ መጣ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ባባ።

«ለእኔ አይደለም ይሄን የምትነግረው» አለች በመጨረሻ። «እኔማ ሳበስል የኖርኩ ነኝ፤ እንዳልሰነፍኩ አውቃለሁ። ለእናትህ ንገራቸው። ያኔ በሰው ፊት ሲሉኝ ዝም ያልከውን አሁን ተናገር።»

ለእናቴ መደወል ከበደኝ፤ ግን ደወልኩ። ስጨርስ «እና ያቺን ልጅ በከንቱ ነው በሰው ፊት ያዋረድኳት?» አለች።

«አንቺ አንድ ቀን ነው እማዬ፤ እኔ ነኝ ዘጠኝ ዓመት» አልኳት።

በማግስቱ ዘነበች ደወለች። «እናትህ ደውለውልኝ ነበር» አለች።

«ምን አለችሽ?»

«እዚያ ብርድ አገር ባቄላ እንዴት ነው የምታበስዪው፣ እስቲ አስተምሪኝ አሉኝ።» ከዚያ አለቀሰች። እኔም ካራቫኑ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እንደዚያው ያለ የሚቆለፍ ድስት ገዝቼ፣ አገር በሚገባ ጓደኛዬ እጅ ላክሁላት። ደርሷታል፤ ግን እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣችውም። «መጀመሪያ አንተ ናና በዚያው በአሮጌው ድስት ጣድልኝ፤ እኔ ርቦኝ ቁጭ ብዬ ልጠብቅህ» ትለኛለች። ከሁለት ወር በኋላ የዓመት ፈቃዴ ነው። የፈለገውን ያህል ሰዓት ይፍጅ፣ ቆሜ አማስላለሁ።